የራሳቸውን ደብዳቤ ያደረሱ ፖስተኛ

ራግቢ የሚባለው ጨዋታ ሕይወቴ ውስጥ የገባው አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ስል ነው።

የምኖረው ቴክሳስ ውስጥ ዩለስ የምትባል ከተማ ነው፤ ከኤርፖርቱ አጥር የአሥር ደቂቃ መንገድ። ሥራዬ ራምፕ ላይ ነው፤ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ሻንጣ መክተትና ማውጣት። ያን ቀን መኪናዬን የሠራተኞች ፓርኪንግ ውስጥ ፓርክ አድርጌ ስወርድ ወደ ሥራ ቦታችን የሚያደርሰን አውቶቡስ በሩን ዘግቶ ሊነሳ ነው። የምሳ ሳጥኔን ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ በሁለት ረድፍ መኪና መሀል ተጥመዝምዤ፣ ወደ ኋላ ከሚወጣ አንድ ፒክአፕ ለጥቂት ተርፌ ደረስኩበት። ሹፌሩ አዘነልኝና ከፈተ። ስገባ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች የሥራ ባልደረባዬ አጨበጨበችልኝ።

ይህች ሴት ቶንጋ ከምትባል የፓስፊክ ደሴት አገር የመጣች ናት። ዩለስ ውስጥ የአገሯ ሰው ብዙ ነው። እንደኛው ኤርፖርት ይሠራሉ፣ እንደኛው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውለው ይመጣሉ። እሷ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ባንድ ጊዜ አንስታ ስትጭን ትራስ የያዘች ነው የምትመስለው።

"ምሳሽን አልደፋሽም" አለችኝ።

"አልደፋሁም።"

"ቅዳሜ ምን አለሽ?"

"ልብስ አጥባለሁ።"

"ልብሱ ይቆይሽ። እኛ ሜዳ ትመጫለሽ። የሚሮጥ ሰው አጥተናል፤ ሁላችንም እንደ እኔ ነን" ብላ የገዛ ትከሻዋን መታ መታ አደረገች።

ሜዳው የሰፈሩ መናፈሻ ነው። ቅዳሜ ጧት ስደርስ አሥር የሚሆኑ ሴቶች ጫማቸውን እያሠሩ አገኘሁ። መሀላቸው አሠልጣኙ፣ አንድ ነጭ ሽማግሌ፣ ቆመዋል። ጊዜው ጥር ነው፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሽማግሌው ግን ቁምጣ ለብሰዋል። ግራ ጉልበታቸው ላይ ረጅም የስፌት ጠባሳ አለ። የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ታጥፋ ቀርታለች፤ ሲጨብጡኝ መዳፌን ኮረኮረችኝ።

"ኳስ ይዘሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

"ሻንጣ ነው የማውቀው።"

"ኳስ ከሻንጣ ይቀላል። ቢወድቅብሽም ማንም አቤቱታ አያቀርብብሽም።" ትንሽ አሰቡና ደግሞ "ውሸቴን ነው፤ ሁሉም ያቀርባል" አሉ።

ደንቡን ቆመን አስረዱኝ። ኳሷ ሞላላ ናት። ይዘሻት ትሮጫለሽ፣ የተቃራኒውን ቡድን የመጨረሻ መስመር ታልፊያለሽ፣ ከዚያ መሬት ታስነኪያታለሽ። ይህ ትራይ ይባላል፤ እንደ ጎል ማለት ነው። ለጓደኛሽ ስታቀብይ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ነው፤ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው። ኳስ የያዘን ሰው ወገቡን አቅፎ መጣል ደግሞ ይፈቀዳል። ይህን ሁሉ ነግረውኝ ሲያበቁ ሜዳው ዳር፣ መስመሩ አጠገብ ወስደው አቆሙኝ።

"አንቺ ክንፍ ነሽ" አሉኝ።

"የክንፍ ሥራ ምንድን ነው?"

"መጠበቅ። አንዳንድ ቀን ኳሷ ጭራሽ አትመጣም። ይበርድሻል፣ ይሰለችሻል፣ ስለ ምሳ ማሰብ ትጀምሪያለሽ። ከዚያ በድንገት ትመጣለች። ያኔ ስለ ምሳ ማሰብ ማቆም ነው።"

ያን ቀን ኳሷ ሦስት ጊዜ መጣችልኝ። ሦስቱንም ጊዜ ባልደረባዬ አቅፋ መሬት ላይ ዘረጋችኝ። ጥርሴ መሀል ሣር ገብቶ፣ ክርኔ ተልጦ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ እየሳቅሁ ቤቴ ገባሁ።

አባቴ ሳሎን ተቀምጠው ዜና ያዩ ነበር። አባባ ደብረ ብርሃን ሠላሳ ዓመት ስፖርት ያስተማሩ ሰው ናቸው። የቪዛው ፕሮሰስ አልቆ እኔ ዘንድ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

"ማን ነው የመታሽ?" ብለው ብድግ አሉ።

"ጓደኛዬ ናት አባባ። ጨዋታ ነው።"

"ይሄ ጨዋታ ከሆነ ጠብ ምን ሊባል ነው?"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጉዳዩን ራሳቸው ሊያጣሩ ተከተሉኝ። ሙሉ ልብስ ለበሱ፣ ባርኔጣቸውን ደፉ፣ ከአገር ቤት ይዘውት የመጡትን የመምህርነት ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። ታጣፊ ወንበር ዘርግቼላቸው ዳር ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ዝም ብለው አዩ። በሁለተኛው ብቻቸውን አጉረመረሙ። በሦስተኛው አልቻሉም፤ ተነስተው አሠልጣኙ አጠገብ ቆሙና ጮኹብኝ።

"ክንድሽን! ክንድሽን አትበትኚ! በአየር ላይ ልብስ የምታሰጪ ነው የሚመስለው!"

አሠልጣኙ "ምን አሉ?" ብለው ጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው።

"ልክ ናቸው" አሉ። ወዲያው ወደ አባባ ዞረው "ሌላስ ምን አዩ?" አሏቸው።

አባባ የሚጠብቁት ይህን ጥያቄ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሠልጣኛችን ሁለት ሆነ። የአባባ እንግሊዝኛ የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ካልሆነ ከአፋቸው አይወጣም። የአሠልጣኙ ደግሞ የዌልስ ቅላጼ ነው፤ ቴክሳስ የተወለዱት ልጆች እንኳ ግማሹን አይሰሙትም። አባባ ግን ሁሉንም ይሰሙ ነበር፤ ወይም የሰሙ መስለው አንገታቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ስለ አሠልጣኙ የምናውቀው ጥቂት ነው። ከዌልስ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ወዳለችበት ወደ ሪቻርድሰን ከተማ መጥተው ከእሷ ጋር ይኖራሉ። ልጅቱ እዚያው አንድ የቴሌኮም መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አድርሳቸው ትመለሳለች። አንድ ሽማግሌ ቤት መዋል ሰልችቷቸው ነው የሚመጡት ብለን ነበር። እሳቸውም ሌላ ነገር ነግረውን አያውቁም።

መጋቢት ላይ ልጃቸው ለሥራ ሌላ ከተማ ሄደችና ባልደረባዬ ኮል አደረገችልኝ፤ "ሶ፣ አንቺና አባትሽ ታመጧቸዋላችሁ?" አለችኝ። ሄድን። በሩን ከፍተው "ጫማዬን እስካደርግ ግቡ" አሉን። የጾም ሰሞን ስለነበር የሰጡንን ብስኩት አባባ አገላብጠው አዩና ቅቤ ሳይኖረው አይቀርም ብለው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የኮሪደሩን ግድግዳ መጎብኘት ጀመሩ።

አንድ ቦታ ላይ ቆመው ቀሩ። በመስተዋት ክፈፍ ውስጥ የተሰቀለ ቀይ ማሊያ ነው። ክንዱ ላይ ተቀዶ የተሰፋበት ይታያል።

"ይህ ማሊያ የማን ነው?" ብለው ጠየቁ አባባ።

"የኔ ነው" አሉ አሠልጣኙ፣ አጎንብሰው ጫማቸውን እያሠሩ።

"ለየትኛው ቡድን ነው የተጫወቱበት?"

"ለዌልስ።"

"ለአገርዎ? ለብሔራዊ ቡድኑ?"

"አዎ። ሰባት ጊዜ።"

አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ አንባረቁብኝ።

"የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ናቸው! አንቺ ደግሞ ስትገቢ ስትወጪ 'ሃይ ኮች፣ ሃይ ኮች' ትያቸዋለሽ!"

"ማለቴ... አላወቅሁም እኮ አባባ።"

"አትጠይቂም?"

መኪናው ውስጥ አባባ ፊት አልቀመጥም ብለው ከኋላ ገቡ። ሀይዌይ ላይ ትራፊኩ ቆሞ ስለነበር ጊዜ ነበረን። ከኋላ ሆነው እንደ ፈተና ጥያቄ በተራ ጠየቁ፤ አሠልጣኙም ሁሉንም መለሱ። የሰማሁትን እነግራችኋለሁ።

የተወለዱበት ከተማ ሁለት ተራራ መሀል የገባች ናት። ቤቶቿ ተያይዘው በረድፍ ሽቅብ ይወጣሉ። አባታቸው የብረት ማቅለጫ ሠራተኛ ነበሩ። በዚያ ዘመን ራግቢ የሚጫወት ሰው ደመወዝ አይከፈለውም፤ ለአገሩ የሚጫወተውም ቢሆን ሰኞ ወደ ሥራው ይመለሳል። የእሳቸው ሥራ ፖስተኝነት ነበር። ደብዳቤ የሞላ ቦርሳ ተሸክመው ዳገቱን በየቀኑ ይወጡታል፣ ይወርዱታል።

"ማን አሠለጠነዎት?" አሉ አባባ።

"ውሻ" አሉ አሠልጣኙ። "በየሦስተኛው ቤት አንድ ውሻ አለ። አሁን የማስተምረውን ጎንበስ ብሎ መታጠፍ ያስተማረኝ የሥጋ ቤቱ ውሻ ነው።"

አባባ እስኪያስላቸው ሳቁ።

አንድ ጧት ፖስታ ቤት ቁጭ ብለው የዕለቱን ደብዳቤ በመንገድ በመንገዱ ሲለዩ አንድ ፖስታ እጃቸው ገባ። የራግቢው ፌዴሬሽን ማኅተም አለበት። ከሥር የተጻፈው የራሳቸው ስም ነው።

"ከፈቱታ!" አሉ አባባ።

"አልከፈትኩም። ደብዳቤ አድራሻው ሳይደርስ መክፈት ያስቀጣል።"

"የራስዎ ደብዳቤ ነው እኮ!"

"ስሙ የኔ ነው፤ አድራሻው ግን የእናቴ ቤት ነው። የእናቴ ቤት ደግሞ የመንገዴ መጨረሻ ነው።"

ስለዚህ ፖስታውን ከቦርሳው ሥር ከተቱትና ወጡ። መልሱ ጀርባቸው ላይ ነው። እንደተመረጡ ይሁን እንዳልተመረጡ አያውቁም። የሰፈሩን ደብዳቤ በሙሉ አንድም ቤት ሳይዘሉ አደሉ። "ያን ቀን ውሾቹ አላባረሩኝም፤ እኔ ነኝ ጥያቸው ያለፍኩት" አሉን። ዳገቱ ጫፍ ላይ አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ትኖራለች፤ በየቀኑ ሻይ ሳታጠጣ አትለቃቸውም። ያን ቀን "ዛሬ አልችልም" አሏት። ይህን እስከ ዕለተ ሞቷ ይቅር አላለቻቸውም።

በመጨረሻ እናታቸው ቤት ደረሱ። ቁልፍ አላቸው፤ ግን አንኳኩ።

እናታቸው ከፈቱና "ምን ያስንኳኳሃል? ቤትህ አይደለም?" አሏቸው።

"ለልጅዎ ደብዳቤ አለ፣ እመቤቴ።"

እናትየው ፖስታውን ተቀበሉ፣ ማኅተሙን አዩ፣ ቀደው አነበቡ። ከዚያ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። ከተቀመጡበት ሲነሱ ደግሞ ሽርጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ ጎረቤት ለጎረቤት በር ሲመቱ ዋሉ። አባትየው ከሥራ ሲመለሱ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ሲያዩ ሰው የሞተ መስሏቸው ገና ከሩቅ ኮፍያቸውን አወለቁ።

እዚህ ላይ መስተዋቱን ሰረቅ አድርጌ አየሁ። አባባ መሐረባቸውን አውጥተዋል። እሳቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆች ሲያስሮጡ ኖረው አንድም ተማሪያቸው ለብሔራዊ ቡድን አልደረሰም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ አንድ ቀን ይመጣል ብለው እንደጠበቁ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

በመጀመሪያው ጨዋታ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ እየዘመረ፣ ኳሷ ግን ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ወደ እሳቸው አልመጣችም። ስትመጣ ሮጡ። ጥጉ ላይ ተዘርግተው ወደቁና አስነኩ። ሰኞ ደብዳቤ ለማደል ቀኑ አልበቃቸውም፤ እያንዳንዱ ቤት "እስቲ እንዴት እንደሆነ ንገረን" ይላል።

በሰባተኛው ጨዋታ ጉልበታቸው ዞረ። ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ለዌልስ አልተጫወቱም፤ ዳገቱንም መውጣት አቃታቸው። ፖስታ ቤቱ ውስጥ ወንበር ሰጧቸው። ሁለት ዓመት ያህል ቅዳሜ ሲመጣ የስታዲየሙን ዘፈን ላለመስማት መስኮት ዘግተው ይውሉ እንደነበር አልደበቁንም። ኋላ ልጃቸው አድጋ "የትምህርት ቤታችን ሴቶች አሠልጣኝ የላቸውም" ስትላቸው ነው እንደገና ሜዳ የረገጡት።

"ሰባት ጊዜ ብቻ?" አልኩ ሳላስበው። አባባ ከኋላ ትከሻዬን በጣታቸው ወጉኝ።

"ሰባት ጊዜ ሙሉ!" አሉ አሠልጣኙ። ፊታቸው በርቶ ነበር።

እኔ የመጀመሪያ ጨዋታዬን ያደረግሁት ሚያዝያ ላይ፣ እዚያው ዩለስ ነው። ሰባት ለሰባት ነው የምንጫወተው። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ኳሷን ከሜዳችን ግማሽ ተቀብዬ ሮጥኩ። አንዷን አለፍኩ፣ ሌላዋ እጇ ማሊያዬን ነክቶ ቀረ። መስመሩን አለፍኩ! ኳሷን በሁለት እጄ ወደ ሰማይ አንስቼ ወደ አባባ ዞርኩ። ባልደረባዬ ትጮኻለች፣ አሠልጣኙ ይጮኻሉ፣ ሁሉም ይጮኻል። በደስታ መሰለኝ። ለካ "አስነኪ! መሬት አስነኪ!" እያሉኝ ነው። ሲገባኝ አንዷ ከኋላ መጥታ አቀፈችኝ፤ እኔ አንድ ወገን፣ ኳሷ ሌላ ወገን ወደቅን። ትራዩ ቀረ። በዚያችው ነጥብ ተሸነፍን።

"ገባች እኮ! አልፋለች!" ይላሉ አባባ።

አሠልጣኙ ሳቃቸው አላቆም ብሏቸው የአባባ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ግን እንባዬ መጣ። ይህን ሲያዩ ጠሩኝ።

"ስሚኝ። አንቺ ይህን ያደረግሽው በጣት የሚቆጠር ሰው ፊት ነው። እኔ በአራተኛው ጨዋታዬ ስታዲየም ሙሉ ሰው ፊት አድርጌዋለሁ። መስመሩን አልፌ፣ ቆንጆ ቦታ ላስነካ ብዬ ስዝናና ከእጄ መትተው ጣሏት።"

"ከዚያስ?"

"ሰኞ ደብዳቤ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ያቺ አሮጊት በሩን ከፈተች። ደብዳቤዋን ተቀብላ ፊትና ጀርባውን አየችና 'ይሄንንስ መንገድ ላይ አልጣልከውም?' አለችኝ።"

"ምን አሏት?"

"ምን እላለሁ? ገብቼ ሻይዋን ጠጣሁ።"

ያኔ እኔም ሳቅሁ።

በግንቦት ማኪኒ የምትባል ከተማ ሄደን የተጫወትነው የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታችን ነው። ሙቀቱ ጀምሯል። ነጥቡ እኩል ነው፤ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ቢቀረው ነው። እኔ መስመሩ ዳር ቆሜያለሁ፤ ያን ቀን ኳሷን አንድ ጊዜ እንኳ አልነካኋትም። ድንገት ባልደረባዬ መሀል ላይ ኳሷን ያዘች። አንዷ ወገቧን፣ ሌላዋ እግሯን ይዘዋታል፤ እሷ ግን ሁለቱንም እየጎተተች ሦስት እርምጃ ሄደች። ስትወድቅ ወደ ኋላ ወረወረችልኝ።

ሮጥኩ። ከመስመሩ ውጭ ሁለት ድምፅ ይከተለኛል። አንዱ በአማርኛ "ክንድሽን!" ይላል። ሌላው ያለከልካል ብቻ። ሰረቅ አድርጌ ሳይ አሠልጣኙ በዚያ ጉልበታቸው ጎን ለጎን እየሮጡ ነው፤ አባባ ባርኔጣቸውን ይዘው ከኋላቸው አሉ። መስመሩን ባለፍኩበት ቅጽበት ተወረወርኩና ኳሷ ላይ ሙሉ ሰውነቴን ዘረጋሁባት። በሁለት እጄ አቅፌ፣ ግንባሬን ሣሩ ላይ ደፍቼ፣ አልነሳም አልኩ።

ዳኛዋ አጠገቤ መጥታ "ይበቃል፣ ተቆጥሯል፣ ተነሺ" አለችኝ።

በዚህ መሀል ረጅም ፊሽካ ተነፋ። ሁላችንም ጨዋታው ያለቀ መሰለን። ዳኛዋ ግራ ገብቷት የራሷን ፊሽካ አየች። የነፉት አባባ ናቸው። ሄዳ "አባት፣ እዚህ ፊሽካ የምነፋው እኔ ብቻ ነኝ" አለቻቸው። አባባ ባርኔጣቸውን አንስተው፣ በሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ ለፈጸሙት ስሕተት ከልብ የመነጨ ይቅርታ ጠየቁ። አሠልጣኙ ደግሞ ጉልበታቸውን ይዘው "ድሮም እንዲህ ነው የሚያመው፤ ደስ ሲለኝ ይብሳል" ይላሉ።

አሸነፍን። ፓርኪንጉ ውስጥ የመኪና ኮፈን ላይ ዶሮና ሐብሐብ ተዘረጋ። የባልደረባዬ ዘመዶች በየድምፃቸው ተከፋፍለው በቋንቋቸው መዝሙር ዘመሩ፤ ጎኔ የቆመችው ሴት ድምፅ ደረቴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ሲያበቁ አሠልጣኙ በዌልስ ቋንቋ መለሱላቸው። ያ የታጠፈ ጣታቸው አየር ላይ ዜማ ይመታል። ቃሉን ማንም አላወቀም፤ ቶንጋዎቹ ግን ሁለተኛው ዙር ላይ ወፍራሙን የታች ድምፅ ይዘው ገቡ።

ከዚያ ሁሉም ወደ አባባ ዞረ።

"እኛም አናንስም" አሉ አባባ። ደብረ ብርሃን እያሉ ለትምህርት ቤቱ የስፖርት በዓል ራሳቸው የደረሱት የሰልፍ መዝሙር አለ። ግን ቆሞ አይዘመርም አሉ፤ ሰልፍ ያስፈልገዋል። ቡድኑን በቁመት በቁመት አሰለፉት። ባልደረባዬን ከፊት አቆሙ፣ ያን ቀን ጨዋታውን ልታይ የመጣችውን የአሠልጣኙን ልጅ ከእኔ ጎን፣ አሠልጣኙን ከኋላ። ፊሽካውን አሁን ያለ ከልካይ ነፉት። ማኪኒ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በቆሙ መኪኖች መሀል፣ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ እያልን ዞርን። ሁለተኛውን ስንኝ አባባ ረስተውታል፤ የመጀመሪያውን አምስት ጊዜ ዘመርን።

በሦስተኛው ዙር ላይ አባባ ሰልፉን አስቆሙ። አሠልጣኙ ግራቸውንና ቀኛቸውን አሳስተዋል። ብሔራዊ ቡድን ሆኑ አልሆኑ አባባ ለማንም አያዳሉም፤ ከሰልፉ አወጧቸውና ለብቻቸው፣ ከአንዱ ጥላ ሥር፣ የእግር አረጋገጥ ልምምድ አስጀመሯቸው።